ከበዓል ስጦታ ይልቅ ብር መስጠት፦ ለማን፣ መቼ፣ እንዴት

በበዓል ቀን ብር መስጠት ለእኛ አዲስ አይደለም። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ወንዶቹ አበባና መልአክ የሣሉበትን ወረቀት ይዘው ይዞራሉ፤ ሴቶቹ አበባየሆሽ ይላሉ። ለቡሄ ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች ድሮ ሙልሙል ዳቦ ይበቃቸው ነበር። አሁን ከተማ ውስጥ ሙልሙል ብቻ ይዞ በር የሚከፍት ሰው ትንሽ ያፍራል። ውጭ ያለው ዘመድ ደግሞ ለዓመት በዓል የሚልከው ያው ብር ነው።

ችግሩ አብዛኛው ብር ስጦታ ሆኖ አለመድረሱ ነው። እናት ጋ የሄደው በግ፣ ቅቤና ሽንኩርት ሆኖ ያልቃል። ልጅ ጋ የሄደው «ላስቀምጥልህ» ተብሎ በዚያው ይቀራል። አማት ጋ የሄደው አንዳንዴ ቅሬታ ሆኖ ይመለሳል። ሰጪው አውጥቷል፣ ተቀባዩ ግን ለራሱ የያዘው ነገር የለም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ይህን ለማስተካከል ናቸው። ሰባቱም ለሁሉም ቤት አያስፈልጉም፤ የመጀመሪያውን ግን አትዝለሉት።

1. የበዓሉን ወጪና የሰውየውን ስጦታ ለዩ

ብር ልትሰጧቸው ያሰባችኋቸውን ሰዎች ስም ስልካችሁ ላይ ጻፉ። በእያንዳንዱ ስም ፊት ሁለት ቁጥር አስቀምጡ። አንዱ ለበዓሉ ዝግጅት የሚሆነው ነው። ሌላው ለራሱ የሚሆነው።

ለእናታችሁ 10,000 ብር አስባችኋል እንበል። በጉን፣ ዶሮውን፣ እንቁላሉን፣ ቄጤማውን የምትገዛው እሷ ከሆነች ይህ ስጦታ አይደለም። የቤት ወጪ ነው። እናንተም ሄዳችሁ ትበሉታላችሁ። ስለዚህ 7,000ውን «ለበዓሉ»፣ 3,000ውን «ለራስሽ» ብላችሁ ለየብቻ ስጡ። በአንድ ፖስታ አታድርጉት፤ በአንድ ጊዜም አትላኩት። አንድ ላይ ከደረሰ የትኛው እንደሚቀድም ታውቁታላችሁ። እንግዳ እንዳይጎድልበት ብላ የራሷንም ጨምራ ታወጣዋለች።

ሁለቱም የማይቻል ከሆነ ለዝግጅቱ ብቻ ስጡ። ነውር የለውም። ግን ስሙን በትክክል ጥሩት፦ «ለበግ የሚሆን ነው» በሉ። ከዚያ 500 ብርም ቢሆን ለብቻው «ይቺ ደግሞ ያንቺ ናት» ተብላ ስትሰጥ ትለያለች።

አንዳንድ እናቶች «ለራስሽ» ብቻ ከተባሉ ለልጅ ልጅ ያስተላልፉታል። እንዲህ ከሆነ ትንሽ አቅጣጫ ማሳየት ይረዳል። «መነጽርሽን የምትቀይሪበት» ወይም «ለነጠላ የሚሆንሽ» በሉ። ከዚያ በኋላ ግን ጉዳዩ የእሷ ነው። በየሳምንቱ እየደወሉ «መነጽሩን ገዛሽው?» ማለት ስጦታውን ወደ ኦዲት ይለውጠዋል።

2. ብር ለማን ይሆናል፣ ለማንስ አይሆንም

ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች ከብር የተሻለ ነገር የለም። እናንተ የመረጣችሁትን ጫማ አያደርጉትም፤ ይህን በሥርዓት እያመሰገኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ይተዉታል። ዩኒቨርሲቲ ላለ ወንድምም እንዲሁ። አዲስ ቤት ለተከራየች እህትም ብር ከሌላ የቡና ስኒ ይሻላታል።

ቤታችሁ ለምትሠራው ልጅ ብር መስጠት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ጠብቁ። ከደመወዟ ጋር አይቀላቀል። አገሯ የምትሄድ ከሆነም ከመንገዷ በፊት ይሰጣት፤ ለእናቷ የምትገዛው አላትና። ስትመለስ «ያስቀመጥኩልሽ» ማለት ዋጋ የለውም።

ለአማትና ለክርስትና አባት ግን ባዶ ፖስታ አትያዙ። ባዶ ስል ብር ብቻ ያለበትን ማለቴ ነው። በብዙ አካባቢ በፋሲካ ሰሞን ለክርስትና አባት፣ ለወላጅና ለአማት አክፋይ ይወሰዳል፦ ዶሮ፣ ዳቦ፣ አቅም ካለም በግ። ይህን በጥሬ ብር ብቻ መተካት ለአንዳንድ ሽማግሌ እንደ ቀን ሥራ ክፍያ ሆኖ ይሰማቸዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። እጅ ላይ የሚታይ ነገር ይቅደም፤ ድፎ ዳቦ፣ ቡና ከነስኳሩ፣ አቅም ካለ ጋቢ። ፖስታው ከዚያ ሥር ይከተል።

በዓልን ሰው ቤት የምትውሉ ከሆነ ለባለቤቶቹ ብር አትስጡ። የበላችሁትን የከፈላችሁ ያስመስላል። ለልጆቻቸው ግን ይቻላል።

ሐዘን ላይ ያለ ቤትስ? ከቀብሩ በኋላ የመጀመሪያው በዓል ከባድ ነው። እዚያ ቤት ብር በስልክ ልኮ ዝም ማለት አይገባም። ሂዱ፣ ተቀመጡ፣ ቡና ጠጡ። ስትወጡ ብሩን ለቤቱ ሴት በእጇ ስጧት። ውጭ አገር ከሆናችሁ መጀመሪያ ደውሉ፤ ብሩ በማግስቱ ይሂድ።

ከእናንተ ገንዘብ ለተበደረ ሰው «ከዕዳህ ቀንሼልሃለሁ፣ የበዓል ስጦታ ይሁንህ» ማለት ደግሞ ያስቀይማል። እናንተ ያለባችሁ ዕዳ ካለ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ክፈሉ።

ሙስሊም ቤተሰቦች አንድ ነገር ያውቁታል፣ ግን ልጨምረው። ዘካተል ፊጥር ለድሃ የሚሰጥ ግዴታ ነው፤ ከኢድ ሶላት በፊት መድረስ አለበት። ለእናትና ለልጅ የሚሰጠውን የኢድ ብር አይተካም። ለአረፋ የሚላከው የኡዱሒያ በግ ዋጋም እንዲሁ የራሱ ቦታ አለው። በዝርዝራችሁ ላይ ሦስቱን ለየብቻ ጻፉ።

3. መጠኑን ከዓመቱ ጀምሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስለ አንድ በዓል ብቻ አስቦ ነው። የእንቁጣጣሽ ስሜት ይመጣና እጅ ይፈታል። ገና ሲደርስ ኪስ ባዶ ነው። ሁለቱ መካከል ያለው አራት ወር የማይሞላ ጊዜ ነው፤ የልጆች ትምህርት ቤት ወጪም እዚያው ውስጥ ይወድቃል።

በዓመቱ ውስጥ የምታከብሯቸውን ትልልቅ በዓላት ቁጠሩ። ለሁሉም በአንድ ላይ ማውጣት የምትችሉትን ወስኑ። ከዚያ አካፍሉት። እኩል መሆን የለበትም። ክርስቲያን ቤት ፋሲካ ከሁሉም ይበልጣል፤ 55 ቀን የጾመ ቤት በዶሮ ብቻ አይሸነገልም። ለሙስሊሙ የአረፋ በግ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል።

መጀመሪያ ስትሰጡ ከአቅማችሁ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ። ዘንድሮ የሰጣችሁት ለከርሞ መነሻ ይሆናል። መጨመር ያስደስታል፤ መቀነስ ምክንያት ያስፈልገዋል።

አንድ ደረጃ ላይ ላሉ ሰዎች እኩል ስጡ። ለሁለት አክስቶች የተለያየ መጠን የላከ ሰው ወሬው እስከ ምሳ ሰዓት እንኳ አይቆይለትም። የአንዷ ችግር ከሌላዋ የሚብስ ከሆነ ለበዓሉ እኩል አድርጉና ልዩነቱን ሌላ ቀን ለብቻው ሙሉላት።

ከውጭ የምትልኩ ከሆነ የምታስቡት በዶላር ነው ወይስ በብር? ይህን ቀድማችሁ ወስኑ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ያው 100 ዶላር ከበፊቱ የበለጠ ብር ይሆናል። የበጉም ዋጋ ግን አልተቀመጠም። ስለዚህ «ባለፈው የላክሁት ይበቃል» ከማለት በፊት ጠይቁ። እናትን ሳይሆን ገበያ የምትወጣዋን እህት ጠይቁ። እናት ስትጠየቅ «ምንም አያስፈልገኝም፣ እናንተ ደህና ሁኑ» ነው የምትለው።

4. እህትና ወንድም ቀድማችሁ ተነጋገሩ

ይህ ደረጃ ከሁሉም የበለጠ ጠብ ያድናል። አምስት ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ አንዱ ቨርጂኒያ ነው፣ አንዷ ቤይሩት፣ ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ደግሞ ከእናት ጋር። ሁሉም በየፊናው ከላከ ሁለት በግ ይገዛና ለዘይት ይጠፋል። ከዚያም የማን እንደበዛ መቁጠር ይጀመራል።

በዓሉ ወር ሲቀረው አንድ ሰው ሰብሳቢ ይሁን። ጎበዝ ተናጋሪው ሳይሆን ሒሳብ የሚይዘው። በቤተሰቡ የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ግሩፕ እናትና አባት ካሉ ሌላ ክፈቱ። ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ይጻፍ። ከዚያ እያንዳንዱ የሚችለውን ለሰብሳቢው በግል ይንገረው። የእያንዳንዱን መዋጮ ግሩፕ ላይ መለጠፍ ለእድር ይሆናል፤ ለእህትና ወንድም ግን ሥራ ያጣውን ከጨዋታው ያስወጣዋል።

ስጦታው ሲሰጥ «ከሁላችንም» ተብሎ ይሰጥ። መቶ ብር ያዋጣውም፣ ዘንድሮ ምንም ያልቻለውም ስሙ ውስጥ ይግባ። ወላጅ ብዙውን ጊዜ ማን ስንት እንዳወጣ ከመስማት ልጆቹ መስማማታቸውን ቢሰማ ይመርጣል። ባይመርጥም አትንገሩት።

አሁን ወደተረሳችዋ እንምጣ። ከእናት ጋር ያለችዋ እህት ሽንኩርቱን የምትልጠው፣ ዶሮውን የምትገነጥለው፣ እናትን ሐኪም ቤት የምትወስደው እሷ ናት። ብር ስላላዋጣች ብቻ «ከሰጪዎች» ተርታ ትወጣለች፤ ከተቀባዮችም ተርታ የለችም። ከተዋጣው ላይ ለእሷ የብቻዋ ይለይላት። «ለድካምሽ» አትበሏት፣ ደመወዝ ይመስላል። ልክ እንደ እናት፦ «ይሄ ያንቺ ነው»።

5. ቀኑን ምረጡ

ለዝግጅት የሚሆነው ብር በዓሉ ከ10 እስከ 15 ቀን ሲቀረው ይድረስ። የበዓል ዋዜማ ገበያ ላይ ዋጋውን ማን እንደሚወስን ሁላችንም እናውቃለን። ቀድሞ የደረሰ ብር ሽንኩርቱን፣ ቅቤውንና በርበሬውን በረጋ ዋጋ ይገዛል። ቅርጫ ለሚገቡ ቤቶች ደግሞ የበሬው ብር የሚሰበሰበው ቀደም ብሎ ነው፤ በዋዜማው የደረሰ ብር ድርሻ አያስገኝም።

የእናት የራሷ የሆነው ስጦታ ግን ይዘግይ። በዓሉ ጠዋት ወይም በማግስቱ። ማግስቱን እኔ እመርጣለሁ። ወጪው አልፏል፣ እንግዳው ሄዷል፣ ያ ብር የሚገባበት ድስት የለም።

ውጭ ያላችሁ ሰዎች የስልካችሁ ካሌንደር ላይ ቀኖቹን መዝግቡ። እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 ስትሆን ግን በማግስቷ የሚመጣው አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ይውላል። ገና ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28። ፋሲካና የእስልምና በዓላት ይቀያየራሉ፤ በየዓመቱ ማየት ነው። ባንክ በበዓል ቀን ዝግ መሆኑንም አስታውሱ። ቅዳሜና እሁድ ከተጨመረበት አንድ ዝውውር ሦስት አራት ቀን ሊንጠለጠል ይችላል።

6. አላላኩ

አገር ውስጥ ከሆነ በባንክ አፕ፣ በቴሌብር ወይም በኤምፔሳ መላክ የደቂቃ ሥራ ነው። ከማረጋገጣችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የተቀባይ ስም አንብቡ። በዓል ሰሞን በጥድፊያ አንድ ቁጥር ስቶ ለማያውቁት ሰው የላኩ ብዙ ናቸው። መልሶ ማግኘቱ ልመና ነው።

ስልክ የማይነኩ እናትና አባት ከሆኑ የሚያወጣላቸውን ሰው ቀድማችሁ ወስኑ። የሚስጥር ቁጥራቸውን ለጎረቤት ልጅ ወይም ለወኪሉ እየነገሩ የሚያወጡ አረጋውያን አሉ። ይህ አደገኛ ነው። ከዚያ ይልቅ ለምታምኑት ዘመድ ላኩና ጥሬውን ይስጣቸው። «በስህተት ብር ልኬልዎት ነው፣ ይመልሱልኝ» ወይም «ከባንክ ነው፣ ቁጥሩን ይንገሩኝ» የሚል ስልክ እንደሚደወልም ቀድማችሁ ንገሯቸው። መልሱ ስልኩን መዝጋት ብቻ ነው።

ከውጭ ሲላክ ዋናው ጣጣ ስም ነው። በዌስተርን ዩኒየን፣ በመኒግራም ወይም በሪያ የተላከን ብር ለመውሰድ የላኪው ወረቀት ላይ ያለው ስም ከተቀባዩ መታወቂያ ጋር መግጠም አለበት። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ነው። ጸሐይ በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ አስቡት። በዚያ ላይ ሰፈር እናታችሁን የሚጠራት በክርስትና ስሟ ወይም በልጅነት ስሟ ነው፤ መታወቂያው የሚያውቃት በሌላ። ስለዚህ የቀበሌ ወይም የፋይዳ መታወቂያዋን ፎቶ አስልኩ። ስሟን፣ የአባቷንና የአያቷን ስም እዚያ እንዳለው ፊደል በፊደል ገልብጡ። ፎቶውን አስቀምጡት፤ ለሚቀጥለው በዓልም ያገለግላል። መታወቂያው ጊዜው እንዳላለፈም እዩ።

ክፍያውን ስታወዳድሩ የማስተላለፊያውን ክፍያ ብቻ አትዩ። አንዳንዱ «ያለ ክፍያ» ይልና በምንዛሪው ይካካሳል። የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ 200 ዶላር ብልክ እጇ ላይ ስንት ብር ይገባል? ባንኮችም ተመናቸው አንድ ስላልሆነ የሚከፍለውን ባንክ መምረጥ ከቻላችሁ አወዳድሩ። በጥቁር ገበያ መላክ ሕገወጥ ነው። መሐል ላይ ያለው ሰው ስልኩን ቢያጠፋ የምትከሱት የለም።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሺየር ቼክ ወደ ውጭ የሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ታክስ አለ። ከባንክ ሂሳባችሁ ወይም እዚያው አሜሪካ በወጣ ዴቢት ካርድ ስትልኩ አይመለከታችሁም። ሱቅ ሄዳችሁ ጥሬ ብር የምትሰጡ ከሆነ ልማዱን ለመቀየር ጥሩ ጊዜ ነው።

ዓረብ አገር ቤት ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ የዕረፍት ቀናችሁ በእጃችሁ ላይሆን ይችላል። የመላኪያ ቤቶች በኢድ ሰሞን ይጨናነቃሉ። ደመወዝ በተቀበላችሁበት ሳምንት ላኩት፤ «ለገና ነው፣ እስከዚያ አትንኪው» ማለት ይቻላል። ከምትልኩት ላይም ለራሳችሁ የሚቀር ይኑር። እናንተም ከቤተሰቡ ስም ዝርዝር ውስጥ ናችሁ።

7. አሰጣጡ፣ በተለይ ለልጆች

እጅ በእጅ ከሆነ ፖስታ ተጠቀሙ። ከባንክ አዲስ ብር መለወጥ ይቻላል፤ በዓል ሲቀርብ ግን ያልቃል፣ ቀድማችሁ ሂዱ። ለታላቅ ሰው በሁለት እጅ፣ ትንሽ ጎንበስ ብላችሁ ስጡ። እንግዳ ፊት አትቁጠሩ። «ትንሽ ናት» እያላችሁም አታራክሱት። «እንኳን አደረሰሽ እማዬ፣ ይቺን ለራስሽ» ይበቃል። ምርቃቱን ሳትቀበሉ አትነሡ። «ለምን ተቸገርክ» ብላ ከመለሰችው አንድ ሁለቴ መግደርደር ያለ ነው፤ ሦስተኛ ላይ ትራሷ ሥር አድርጉት።

በስልክ ከላካችሁ ድምፃችሁ ይቅደም። የባንኩ መልእክት ብቻውን ገብቶ፣ እናንተ በማግስቱ ብትደውሉ ቅር ይላል። ደውሉ፣ እንኳን አደረሳችሁ በሉ፣ ቤቱን ሁሉ ጠይቁ፣ ከዚያ ላኩ።

ለሕፃናት የሚታይ ነገር ይጨመር፤ ፊኛም ይሁን ከረሜላ። አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ 10 ብርና 200 ብር ልዩነታቸው ቀለማቸው ነው። እንዲያውም ለትንንሾቹ ብዙ ባለ 10 ብር ከአንድ ባለ 100 ይልቅ ያስደስታቸዋል።

«ላስቀምጥልህ» የሚለውን ነገር ደግሞ እውነት አድርጉት። ባንኮች በወላጅ ወይም በአሳዳጊ በኩል ለልጆች የቁጠባ ሂሳብ ይከፍታሉ። ከበዓል ብሩ ግማሹን እዚያ አስገቡና ደረሰኙን ለልጁ አሳዩት። ግማሹን ያጥፋው። ኳስ ይግዛበት፣ ብስኩት ይብላበት። ሙሉውን መቀማት ቁጠባ አያስተምርም፤ በሚቀጥለው እንቁጣጣሽ የት እንደሚደብቀው ያስተምራል።

ቀጥሎ የማይመች ዓመት ይመጣል። ሥራ ይጠፋል፣ ኪራይ ይጨምራል። ያኔ ዋዜማው ላይ ስልክ አታጥፉ። ለዝግጅት የሚሆነው ብር የሚጠበቅበት ቀን ሳይደርስ፣ ማለትም በዓሉ ከ15 ቀን በላይ ሲቀረው፣ ለሰብሳቢው ወይም ለራሷ ለእናት ንገሩ። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፦ «እማዬ፣ ዘንድሮ ለበጉ አልደርስም። ለቡና የምትሆን እልካለሁ፣ በዓሉ ቀን ደግሞ ቡናው ሲፈላ እደውላለሁ።» ከዚያ በተባለው ሰዓት ደውሉ።